ፋርማሲ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ብዙዎቻችሁን እንቅልፍ ስለሚነሳ ጉዳይ ነው፤ ስለ ሙያ ምርጫ። ከብዙዎቹ ሙያዎች ደግሞ አንዱን መዝዘናል፤ ፋርማሲን።

እስቲ በቅድሚያ አንድ ቤት ጎራ እንበል። ማታ ነው፣ ራት ቀርቧል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፍሬሽማን ትምህርቷን እያገባደደች ነው። የዲፓርትመንት መምረጫው ቀን ደርሷል።

«አባዬ፣ ፋርማሲ ልሞላ አስቤያለሁ» አለች።

አባት ሊጎርሱ ያነሱትን እንጀራ መልሰው አስቀመጡት። «ፋርማሲ? አንቺን የምታህል ጎበዝ ልጅ ክኒን ልትሸጪ? ሜዲሲን ካልሆነ ምን ዋጋ አለው የኔ ልጅ?»

እናት ጣልቃ ገቡ። «ኧረ ይተዋት! የጎረቤታችን ልጅ ፋርማሲ ከፍቶ ይኸው ቤት ሠራ፣ መኪና ገዛ። ምን ጎደለበት?»

ታናሽ ወንድሟ በበኩሉ ሳቀና «ፋርማሲስት ማለት የዶክተር እጅ ጽሑፍ ማንበብ የሚችል ሰው ነው አይደል?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ለምን ቢባል፣ ከሦስቱ አንዱም ጥያቄዋን አልመለሰላትም።

ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ «ይህ ሙያ ዕድሜዬን ብሰጠው ያዋጣኛል ወይ?» የሚል። እንግዲህ እኛ እሷን ወክለን መልሱን እንፈልግ። «ግቡ» ወይም «አትግቡ» አንላችሁም። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚከፍልና ምን እንደሚጠይቅ እንነግራችኋለን። ውሳኔው የእናንተ ነው።

ክኒን ሻጭ ወይስ ሌላ?

ከመስኮቱ ወዲህ የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ወረቀት ይሰጣል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰ ባለሙያ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን ያነሳል፣ ከረጢቱ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ይላል። አለቀ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ለዚህ ለዚህ አምስት ዓመት መማር ምን ያደርጋል?

ነገሩ ያለው በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው። ባለሙያው ወረቀቱን ሲያይ በጭንቅላቱ የሚያመላልሳቸው ጥያቄዎች አሉ። መድኃኒቱ የታዘዘው ለማን ነው? ዕድሜውና ክብደቱ ስንት ነው? ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር ትሆን እንዴ? ሌላ የሚወስደው መድኃኒት አለ? ከዚህ በፊት መድኃኒት ተቆጥቶት ያውቃል? የታዘዘው መጠንስ ልክ ነው?

እስቲ እናንተም እርሳስና ወረቀት አንሱ። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን ትኩሳት ይዞት መጣ እንበል። ሐኪሙ ፓራሲታሞል ሽሮፕ አዘዘለት። መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 15 ሚሊ ግራም ነው። በብልቃጡ ላይ ደግሞ «በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም» የሚል ተጽፏል። እናትየው ለልጇ በአንድ ጊዜ ስንት ሚሊ ሊትር ትስጠው?

12 በ15 ሲባዛ 180 ሚሊ ግራም ይሆናል። 180ን ለ120 አካፍላችሁ በ5 ስታባዙ 7.5 ሚሊ ሊትር ታገኛላችሁ። ቀላል ነው አይደል? የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አሁን ግን አንዲት ነጥብ ተረሳች እንበል። 7.5 የነበረው 75 ሆነ። ሕፃኑ የወሰደው ከሚገባው አሥር እጥፍ ነው። እንደ ከረሜላ የምንንቀው ፓራሲታሞል ከልኩ በጣም ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መርሳት ሁለት ማርክ የሚያስቀንስ የክፍል ስህተት አይደለም።

ሒሳቡ ልክ ቢሆንም ሥራው አላለቀም። እናትየው ቤት ሄዳ በምን ትለካለች? በሻይ ማንኪያ? የቤት ማንኪያ እንደየቤቱ ይለያያል። ስለዚህ ባለሙያው መለኪያዋን ሰጥቶ፣ መስመሩ የቱ ጋ እንደሆነ አሳይቶ፣ «እስቲ አሁን እርስዎ ያሳዩኝ» ማለት አለበት። ፋርማሲስት የሚባለው ይሄኛው ነው። ካርቶኑን ብቻ የሚያቀብለው አይደለም።

ሁለት መድኃኒቶች ሲገናኙ

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። አንድ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቱንም በደንብ እየወሰደ ነው። አሁን አገራችንን ጨምሮ በብዙ አገሮች በስፋት የሚሰጠው የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት ያለበት፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው። ይህ ሰው ቲቢ ያዘውና ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና ተጀመረለት። ሁለቱም መድኃኒቶች ጥሩ ናቸው። ችግሩ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሪፋምፒሲን ጉበት መድኃኒትን ከሰውነት የሚያስወግድበትን ሥራ ያፋጥነዋል። ዶሉቴግራቪሩም ሥራውን ሳይጨርስ ቶሎ ይወገዳል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሲያንስ ቫይረሱ ይፈነጫል፤ መድኃኒቱን የመልመድ ዕድልም ያገኛል። ስለዚህ ዶሉቴግራቪሩ በቀን አንድ ጊዜ መሆኑ ቀርቶ ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል።

ይኸው ሰው የደም ማነስ አለብህ ተብሎ የአይረን ክኒን ቢታዘዝለት ወይም ጨጓራዬን ብሎ ማስታገሻ ቢገዛስ? እነዚህም ከዶሉቴግራቪር ጋር ባዶ ሆድ ላይ አብረው ከተወሰዱ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ሰዓታቸውን ማራራቅ ያስፈልጋል። ይህን ማን ይንገረው? ጨጓራውን ያየው ሐኪም ስለ ቫይረሱ ላያውቅ ይችላል። ሁሉም መድኃኒቶች የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፤ ፋርማሲው መስኮት ላይ።

የአባትየውን ጥያቄ እዚህ ላይ እንመልስ። ፋርማሲስት ሐኪም መሆን ያቃተው ሰው አይደለም። ሐኪሙ በሽታውን ያውቃል፣ ፋርማሲስቱ መድኃኒቱን ያውቃል። ስህተት ሲያይ ስልክ አንስቶ «ዶክተር፣ ይህቺን መጠን እንደገና ይዩልኝ» ይላል። ጥሩ ሐኪም ደግሞ በዚህ አይቆጣም፤ ያመሰግናል።

ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ዓለም

ብዙ ሰው ፋርማሲስት ሲባል የሚታየው መስኮቱ ብቻ ነው። ሙያው ግን ብዙ በር አለው።

አንደኛው በር ሆስፒታል ነው። በአገራችን ከ2000 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ዓመታት ወዲህ ትምህርቱ ወደ ታካሚው እንዲያዘነብል ተደርጎ ተለውጧል። በዚህ ምክንያት ክሊኒካል ፋርማሲስቶች ከሐኪሞችና ከነርሶች ጋር ከአልጋ አልጋ እየዞሩ የታካሚውን መድኃኒት ይገመግማሉ።

ሁለተኛው በር የከተማው ፋርማሲ ነው። የግሉ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የከተማ አስተዳደሩን ከነማ መድኃኒት ቤቶችና የቀይ መስቀልን ታውቋቸዋላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይታችሁ እወቁ። ፋርማሲና መድኃኒት መደብር አንድ አይደሉም። ፋርማሲ የሚመራው በዲግሪ በተመረቀ ፋርማሲስት ነው። መድኃኒት መደብር ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ የሠለጠነ ባለሙያም ሊመራው ይችላል፤ የሚይዛቸው መድኃኒቶችም ውሱን ናቸው።

ሦስተኛው በር አቅርቦት ነው። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለውን መሥሪያ ቤት ትላልቆቹ የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በሚለው በቀድሞ ስሙ ያውቁታል። ለመንግሥት ጤና ተቋማት መድኃኒት ገዝቶ፣ አከማችቶ የሚያሠራጨው እሱ ነው። ለሚመጣው ዓመት ስንት ሰው ምን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው የሚገምት፣ ኢንሱሊንና ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ ሆኖ እንደ ጎዴና ድሬዳዋ ያለ ሙቅ አገር ድረስ እንዲደርስ የሚጨነቅ ባለሙያ እዚያ ነው ያለው። ግምቱ ከተሳሳተ አንዲት እናት ጤና ጣቢያ ሄዳ «አልቋል» ትባላለች።

አራተኛው በር ቁጥጥር ነው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወደ አገር የሚገባውን መድኃኒት ይመዘግባል፣ በላብራቶሪ ይፈትሻል፣ ሐሰተኛውንና ደረጃውን ያልጠበቀውን ከገበያ ያስወጣል።

አምስተኛው በር ፋብሪካ ነው። ኢፋርም የሚባለው የኢትዮጵያ መድኃኒት ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ በኋላ አዲግራትን ጨምሮ በሌሎች ቦታዎችም ፋብሪካዎች ተከፍተዋል፤ በአዲስ አበባ ቂሊንጦ ደግሞ ለመድኃኒት ኢንዱስትሪ ተብሎ የተለየ ፓርክ ተሠርቷል። ሆኖም አገራችን ዛሬም አብዛኛውን መድኃኒቷን የምታስገባው ከውጭ ነው። ይህ ክፍተት ለናንተ የሚለው ነገር አለው።

ስድስተኛው በር ምርምር ነው። አያቶቻችን ለኮሶ ትል የኮሶን አበባ ይጠጡ እንደነበር ሰምታችኋል። ኮሶው ትሉን ያስወጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ጠጪውን ይጎዳል። «ስንት?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ነው እንግዲህ ሳይንሱ። የወባ መድኃኒት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ከዕፅ ለይተው ያወጡት ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ፋርማሲን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። ዛሬ በቆላው አገራችን ወባ የያዘው ሰው የሚውጠው ኮአርቴም ከዚያ ቤተሰብ የመጣ ነው። ክኒን ሻጭ ላላችሁ ሰው ይህን ንገሩት!

ትምህርቱ እንዴት ነው?

በአገራችን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ፋርማሲ መማር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለረጅም ጊዜ ሌላ ቦታ አልነበረም። ከ1990ዎቹ (በኛ አቆጣጠር) ወዲህ ግን ጅማ፣ መቀሌ፣ ጎንደርና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ከፍተዋል። የግል ኮሌጆችም አሉ።

ዲግሪው አምስት ዓመት ያህል ይፈጃል። ኬሚስትሪው ብዙ ነው፤ በተለይ ኦርጋኒክ። ከዚያ የሰውነት አሠራር፣ የበሽታዎች ባሕርይ፣ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚሠራበት መንገድ፣ የመድኃኒት አዘገጃጀት፣ የዕፀዋት መድኃኒት፣ ሕግና ሥነ ምግባር እያለ ይቀጥላል። በመጨረሻው ዓመት ሆስፒታል ገብታችሁ ከታካሚ ጋር ትሠራላችሁ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና እና የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ኬሚስትሪን «ሸምድጄ አልፈዋለሁ» ብሎ የሚገባ ተማሪ መሐል ላይ ይደክማል። ማስታወስ ያስፈልጋል፣ እውነት ነው። ማገናዘብ ካልታከለበት ግን ስሙን ያወቀው መድኃኒት ሁሉ ይምታታበታል።

«ጎረቤታችን መኪና ገዛ»

አሁን ወደ እናትየው ነጥብ እንምጣ። ገንዘብን ማንሳት ነውር አይደለም። ሰው በልቶ ነው የሚያድረው። ግን እውነቱን እናውራ።

ድሮ ድሮ የፋርማሲ ምሩቅ ጋዋኑን ሳያወልቅ ምደባ ይጠብቀው ነበር። ዛሬ እንደዚያ አይደለም። ተማሪው በዝቷል፤ ዲግሪውን ይዞ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ አለ። የመንግሥት ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። በግል ፋርማሲ የተሻለ ሊከፈል ይችላል፤ ሰዓቱ ግን ይረዝማል፣ እሑድና በዓልም ይሠራል። ተመርቀው ሩቅ ወረዳ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆኑት አዲስ አበባ ብቻ ከሚሉት ቶሎ ሥራ ያገኛሉ።

የራስ ፋርማሲ መክፈትስ? ይቻላል። ነገር ግን ዲግሪው ብቻ አይከፍተውም። የቤት ኪራይ፣ መደርደሪያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የመጀመሪያው መድኃኒት መግዣ ገንዘብና ፈቃድ ይፈልጋል። ያልተሸጠ መድኃኒት ደግሞ እንደ ጨርቅ ቅናሽ ተደርጎ አይሸጥም፤ ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል፤ ኪሣራው የባለቤቱ ነው። መኪና የገዛው ጎረቤት አለ። ከስሮ የዘጋውም አለ፤ እሱ ግን በእራት ላይ አይወራለትም።

«አሜሪካ ሄጄ እሠራበታለሁ» የምትሉም አትጠፉም። መንገዱ አለ፤ ግን ረጅም ነው። እዚያ አሁን ወደ ሙያው የሚገባው በፋርማሲ ዶክትሬት ነው። በውጭ አገር የተማረ ሰው የአቻነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ በተቆጣጣሪ ሥር የተወሰኑ ሰዓታት መሥራት፣ ከዚያም የፈቃድ ፈተናውን መውሰድ ይጠበቅበታል። ብዙዎች እስከዚያ ድረስ በረዳትነት ይሠራሉ። ስለዚህ ፋርማሲን እንደ ቪዛ የሚያየው ሰው ቢያስብበት ይሻለዋል። «ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይባል የለ!

ትልቁ ፈተና፣ «አይሆንም» ማለት

ከኬሚስትሪውም ከገንዘቡም የሚከብድ አንድ ነገር አለ። ስለ እሱ የሚያወራ የለም። እስቲ እንደገና ወደ መስኮቱ እንሂድ።

«ወንድሜ፣ እስቲ አሞክሳሲሊን ስጠኝ።»

«ለማን ነው እናቴ?»

«ለልጄ። ጉንፋን ይዞት እኮ ነው።»

«ማዘዣ ይዘዋል?»

«ኧረ ምን ማዘዣ! ባለፈውም ወስጃለሁ። ካልሰጠኸኝ ጎን ያለው ይሰጠኛል።»

ልጁ ከተመረቀ ገና ስድስት ወሩ ነው። የፋርማሲው ባለቤት ከኋላው ቆመው ያያሉ። ብሩ የተዘረጋ እጅ ላይ ነው። ምን ያድርግ?

ትምህርቱ የነገረውን ያውቃል። ጉንፋን በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ባክቴሪያ እንጂ ቫይረስ አይገድልም። ያለ ምክንያት የተወሰደ ፀረ ባክቴሪያ ደካሞቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ጠንካሮቹን ይተዋል። እነሱ ይራባሉ። ነገ ልጁ እውነተኛ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው መድኃኒት እምቢ ይላል። ለሱ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩም ልጆች ጭምር። ያለ ማዘዣ መስጠቱም በሕግ የተከለከለ ነው።

ጎበዝ ፋርማሲስት እዚህ ላይ «አይሆንም» ብሎ ዞር አይልም። «እናቴ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ትንፋሹ ይቆራረጣል? ይበላል፣ ይጠጣል? ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?» ብሎ ይጠይቃል። አደጋ ካለ «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት» ይላል። ከሌለ ደግሞ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ እንዲሰጡት፣ የትኛው ምልክት ሲመጣ ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለባቸው ያስረዳል። አምስት ደቂቃ ወሰደ፤ ሽያጩ ግን ዜሮ ነው። ባለቤቱ ሊቆጡ ይችላሉ። እናትየውም ተናደው ጎን ያለው ጋ ሊሄዱ ይችላሉ። በማግስቱ ይኸው ነገር ይደገማል።

ይህ አንዱ ብቻ ነው። እኩያችሁ የሆነ ልጅ መጥቶ ያለ ማዘዣ ትራማዶል ሲጠይቅ፣ «ለፍሬንዴ ነው፣ ራሱን አሞት» ሲል፣ የሕመም ማስታገሻው ሱስ እየሆነበት መሆኑን እያወቃችሁ ትሰጡታላችሁ? አንድ ነጋዴ መጥቶ «ፈቃድህን አከራየኝ፤ ስምህ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ አንተ መምጣት አይጠበቅብህም፤ በየወሩ ብርህን ውሰድ» ቢላችሁስ? ይህ በከተሞቻችን የታወቀ ጉድ ነው። ሕገ ወጥም ነው። እዚያ ፋርማሲ ውስጥ ያልሠለጠነ ሰው በተሳሳተ መጠን መድኃኒት ቢሰጥ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ስም የእናንተ ነው።

እኛ እንደሚመስለን የሙያው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ከሌላ ዕቃ የሚለየው ገዢው ጥራቱንም ልኩንም ማወቅ አለመቻሉ ነው። ጫማ ስትገዙ ለክታችሁ፣ አገላብጣችሁ ታያላችሁ። ክኒንን ግን የምታምኑት የሚሰጣችሁን ሰው ስለምታምኑ ብቻ ነው። ፋርማሲስት የሚሸጠው ነገር ቢኖር ያን እምነት ነው። «አይሆንም» ማለት ያልቻለ ቀን እምነቱም የለም፤ ያኔ አባትየው እንዳሉት ክኒን ሻጭ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መስኮቱ ላይ የምትቆሙት እናንተ ብትሆኑስ?

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት መሰጠት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. በክፍያ ነበር። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን በየቀኑ ወስደው፣ ሠርተው፣ አግብተው፣ ልጅ ወልደው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። መድኃኒቱን በትክክል ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰና እዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም።

አሁን አንድ የ17 ዓመት ልጅ አስቡ። ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለደው። ከዩኒፎርሙ በላይ ሹራብ ደርቦ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ መድኃኒቱን ሊወስድ ሰልፍ ይዟል። ከኋላው የሰፈሩ ሰው አለ። መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ጮክ ብሎ የመድኃኒቱን ስም ቢጠራ ምን ይሆናል? ልጁ በሚቀጥለው ቀጠሮ አይመጣም። መድኃኒቱን ሲያቆራርጥ ቫይረሱ ይላመደዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ግን ሰው እንዲደብቅ የሚያደርገው አንዳንዴ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ራሱ ነው።

ባለሙያው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ፈተና ደረሰ አይደል? ያመለጠችህ ክኒን አለች? ማታ ስታጠና ሰዓቱ ይረሳሃል? ስልክህ ላይ አላርም እንሙላ» ቢለውስ? ልጁ ይመለሳል።

አንዲት ወጣት ፖስት ፒል ልትገዛ ስትመጣም እንደዚሁ ነው። ግንባሩን የሚያኮማትር ባለሙያ ካጋጠማት አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፤ ሰዓቱም ያልፋል። ጥሩው ባለሙያ አክብሮ ይሰጣታል፤ ፖስት ፒል እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪን እንደማይከላከል ይነግራታል፤ ስለ ኮንዶምና ስለ ምርመራ ያነሳላታል። ተገድዳ ከሆነ ደግሞ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት፣ ቶሎ ሲሆን እንደሚሻል ነግሯት ወደ ጤና ተቋም ይመራታል። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር የአንድ ሰው ሕይወት ሊለውጥ ይችላል።

ራሳችሁን ፈትኑ

እንግዲህ ፎርሙን ከመሙላታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ለብቻችሁ፣ ማንም ሳያያችሁ መልሱ።

1. ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ስትማሩ «ለምን?» ማለት ያስደስታችኋል ወይስ የፈተናው ቀን እስኪያልፍ ብቻ ነው የምትችሏቸው?

2. ትንንሽ ነገር ላይ ጥንቃቄ አላችሁ? የቤት ሥራችሁን ጨርሳችሁ ደግማችሁ ታያላችሁ ወይስ «ይበቃል» ትላላችሁ?

3. አንድ ነገር ለመቶኛ ሰው በትዕግሥት ማስረዳት ትችላላችሁ? ለመጀመሪያው ሰው እንዳስረዳችሁት?

4. የሰው ምሥጢር ይቀመጥባችኋል? የጓደኛችሁን ወሬ እስከ ማታ መያዝ ካልቻላችሁ የሰፈሩን ሁሉ በሽታ እንዴት ትይዙታላችሁ?

5. የምትወዱት ወይም የምትፈሩት ሰው ልክ ያልሆነ ነገር ሲጠይቃችሁ «አይሆንም» ማለት ትችላላችሁ?

6. «ዶክተር» ባትባሉ ቅር ይላችኋል? ቅር የሚላችሁ ከሆነ ሙያውን ሳይሆን ስሙን ነው የፈለጋችሁት።

ለሁሉም «አዎ» ማለት አይጠበቅባችሁም። ሦስተኛውና አምስተኛው በልምድ ይመጣሉ። መጀመሪያውና አራተኛው ላይ ግን ራሳችሁን አታታልሉ።

ሌላም የምታደርጉት ነገር አለ። አቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሂዱና የሚሠራውን ሰው በትህትና «ሙያውን ልመርጥ እያሰብኩ ነው፤ ሲያመቸዎት አሥር ደቂቃ ይሰጡኛል?» በሉት። ከሙያው ምን እንደሚወድ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያማርረውም ጠይቁት። ሰልፉ ሲበዛ እንዴት እንደሚያናግር ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ከአሥር ሰው ምክር ያ ይበልጣል።

ወደ እራቱ ገበታ ስንመለስ

ያቺ ልጅ ምን ወሰነች? የሷን አናውቅም። ግን ለቤተሰቧ ምን ብላ እንደምትመልስ አሁን የምታውቅ ይመስለናል። ለአባቷ «አባዬ፣ ክኒኑን የሚሸጠው ሁሉም ነው፤ መቼ እንደማይሸጥ የሚያውቅ ሰው ነው የጠፋው።» ለእናቷ «እማዬ፣ መኪናውን ቃል አልገባልሽም፤ ሥራ ለማግኘትም ወረዳ እወርድ ይሆናል።» ለታናሽ ወንድሟ ደግሞ «አንተ፣ ጽሑፉን ማንበብ ቀላሉ ነው። ከባዱ ወረቀቱን የያዘውን ሰው ማንበብ ነው።»

ፋርማሲ ያዋጣል ወይ ላላችሁ መልሳችን ይህ ነው። ለፈጣን ሀብት፣ ለስም ወይም ከሜዲሲን ለቀረ ማጽናኛ ከሆነ አያዋጣም፤ ቶሎ ያስመርራል። መድኃኒትን ማወቅ ለሚወድ፣ ለሰው ለሚጠነቀቅና በመስኮቱ ላይ ብቻውን ቆሞ ልክ የሆነውን ለማድረግ ለሚደፍር ግን ዕድሜ የሚሰጡት ሙያ ነው።

እስከዚያው በርቱ፣ አጥኑ! ኬሚስትሪውንም አትናቁ። መልካም ምርጫ!